ዘመኑን መዋጀት፦ በስደት አገር ልብን ሰብስቦ መዋል

የሳምንቱ ንባብ፦ ኤርምያስ 28 እና 29፣4-14፤ ዳንኤል 6፣1-10፤ መዝሙር 89 (90)፣12፤ ኤፌሶን 5፣15-16



ስለ ጊዜ አጠቃቀም እንማር ሲባል ብዙ ሰው ፈገግ ይላል። "ካምፕ ውስጥ ያለ ሰው ከጊዜ ሌላ ምን አለውና?" ይላል። እውነት ይመስላል። ግን ማታ ላይ ቁጭ ብለን ቀኑን ብናስበው ሌላ ነገር እናያለን። ጠዋት የውኃ ወረፋ፣ ከዚያ እንጨት፣ ከዚያ ራሽን ካለ ራሽን፣ ከዚያ ልጅ ታሞ ክሊኒክ፤ ቀኑ አለቀ። የቀረው ሰዓት ደግሞ የት እንደሄደ አናውቅም። ጊዜው ሞልቶ ሳለ ምንም ሳይሠራበት ያልቃል፤ ይህ ድካም ከሥራ ድካም ይብሳል።

ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን መልእክቱ ምእመናን እንዴት እንደሚመላለሱ በጥንቃቄ እንዲያዩ፣ ቀኖቹ ክፉዎች ስለሆኑም ዘመኑን እንዲዋጁ ይመክራል። መዋጀት ማለት የተያዘን ነገር ዋጋ ከፍሎ ማስለቀቅ ነው። ባሪያ ይዋጃል፣ በዕዳ የተያዘ መሬት ይዋጃል። ጊዜም ይያዛል ማለት ነው። ደግሞ ይህን የጻፈው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። በዚሁ መልእክት ምዕራፍ 3፣ 4 እና 6 ላይ ጳውሎስ ራሱ እስረኛ እንደሆነ ይናገራል። መውጫ መግቢያው በሌላ ሰው እጅ ያለ ሰው ነው "ጊዜያችሁን አስለቅቁ" የሚለን። ስለዚህ ትምህርቱ ቢሮና መኪና ላለው ሰው ብቻ አይደለም፤ ለእኛም ነው።

ታዲያ ጊዜያችንን ማን ያዘው? ወረፋውና ቢሮው አንድ ክፍሉን ይይዛሉ፤ እሱ በእኛ እጅ የለም። ትልቁን ክፍል ግን የሚይዘው የተበተነ ልብ ነው።

ሰውነት እዚህ፣ ልብ እዚያ

ቧንቧው ጋ ቆመን ልባችን ጥለነው በመጣነው ቤት ውስጥ ነው። በሩን ቆልፌ ነበር? ከብቶቹን ማን ወሰዳቸው? ያን ቀን በሌላ መንገድ ብንወጣ ኖሮ? ይህ አንዱ በር ነው፤ ልብ በእሱ ወደ ኋላ ይወጣል።

ሁለተኛው በር ወደ ፊት ነው። ፕሮሰሱ መቼ ያልቃል? የነ እገሌ ጉዳይ እኮ ተነሣ፣ የእኔስ? ልጁ ሱዳን አድጎ ምን ይሆናል? ነገ ገና ሳይመጣ ሺህ ጊዜ እንኖረዋለን፤ በእያንዳንዱም ጊዜ እንደክማለን።

ሦስተኛው በር አዲስ ነው፤ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ዜና ለማየት ብለን እንከፍታለን፤ ከፌስቡክ ወደ ቲክቶክ፣ ከቲክቶክ ወደ ሌላ፤ ቀና ስንል ምሳ ሰዓት አልፏል። አንድ የሚጠቅም ወሬ ሳናገኝ ልባችን ግን ተረብሿል። ልጁ አጠገባችን ተቀምጦ ሁለት ሦስቴ "እማዬ፣ አባዬ" ብሎ ጠርቶን አልሰማነውም።

እነዚህ ሦስት በሮች ክፍት ሲሆኑ ሰው እዚህ አይኖርም። ሰውነቱ ካምፕ ነው፣ ልቡ የትም ነው። ዛሬ ልብን ሰብስቦ መዋል የምንለው ነገር ይኸው ነው፦ ልብ ሲወጣ ማወቅ፣ ሳይቆጡ ወዳለንበት ቦታና ሰዓት መመለስ፣ ከዚያ በፊታችን ያለውን ሥራ መሥራት። ሐኪሞችና የምክር አገልግሎት ሠራተኞች ይህን ነገር ዛሬ በራሳቸው ስም ያስተምሩታል። አባቶቻችን ግን "ልቡናህን ሰብስብ" ሲሉ ኖረዋል።

የሐናንያ ሁለት ዓመትና የኤርምያስ ሰባ ዓመት

የእስራኤል ሰዎች ወደ ባቢሎን ተማርከው በነበረ ጊዜ ሁለት ድምፅ ይሰሙ ነበር። አንዱ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል፣ የቤተ መቅደሱ ዕቃም ምርኮኞቹም ይመጣሉ አለ። ሕዝቡ ደስ የሚለው ወሬ ነው። ኤርምያስ ሲሰማ ምን አለ? መጀመሪያ "አሜን፣ ይሁን" ነው ያለው። መመለስን መመኘት ኃጢአት አይደለም፤ ነቢዩም ተመኝቶታል። ነገር ግን ወሬው ከእግዚአብሔር አልነበረም፤ ሐናንያም በዚያው ዓመት ሞተ።

ከዚያ ኤርምያስ ለስደተኞቹ ደብዳቤ ላከ። ቤት ሥሩና ተቀመጡ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ስላላችሁባትም ከተማ ሰላም ጸልዩ፣ እሷ ሰላም ስትሆን እናንተም ሰላም ትሆናላችሁ የሚል መልእክት ነው። የመመለሻውም ጊዜ 70 ዓመት እንደሆነ ነገራቸው። ብዙዎቻችን ምዕራፍ 29 ቁጥር 11ን፣ እግዚአብሔር ለእኛ የሰላም አሳብ እንዳለው የሚናገረውን፣ በቃላችን እንይዘዋለን። በየቤቱ ሸራ ላይም ተጽፎ እናያለን። ቁጥር 10ን ግን፣ ሰባ ዓመት የሚለውን፣ ማንም አይጽፈውም! ሁለቱ ግን አብረው ናቸው። ተስፋው የተሰጠው ቶሎ ለሚሄዱ ሰዎች አልነበረም፤ እየጠበቁ አትክልት ለሚተክሉ ሰዎች ነበር።

ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ኡም ራኩባን ተመልከቱ። ራኩባ በሱዳን ሰዎች አነጋገር ዳስ፣ የጥላ መጠለያ ማለት ነው፤ ዳስ ደግሞ ለጊዜው የሚሠራ ነገር ነው። ቦታው በ1977ቱ የረሃብ ዘመን ከኢትዮጵያ የመጡ ስደተኞችን ተቀበለ። ኋላ ተዘጋ። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ በኅዳር 2013 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። ቱናይድባም በዚያው በ2013 ዓ.ም. ተከፈተ። ኤርትራውያን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ወደ ምሥራቅ ሱዳን መሰደድ የጀመሩት ደግሞ በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ እዚህ የተወለዱ የልጅ ልጆች አሉ። "ለትንሽ ቀን ነው" ብለው የመጡ ሰዎች ናቸው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀመርም ከካርቱም ሸሽቶ ገዳሪፍ የገባው ሕዝብ "ለትንሽ ቀን" ብሎ ነው የወጣው። የተቀበሉን ሰዎች ራሳቸው ተፈናቃይ ሆኑ። ስለዚህ ስላለንበት ከተማ ሰላም መጸለይ የሚለው ቃል ለገዳሪፍም ይሠራል።

ይህን የምንለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ "በቅርቡ እንሄዳለን" ብሎ ልቡን የሰቀለ ሰው ዛሬ አረብኛ አይማርም፣ ልጁን ፊደል አያስቆጥርም፣ የሚያንጠባጥበውን ጣሪያ አያስተካክልም። ምን ያደርግለታል? ነገ ይሄዳል። እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ያልፋል። የተከለ ሰው ግን ቢሄድም ተምሮ ይሄዳል፣ ቢቆይም ይበላል። በሁለቱም አልከሰረም።

ሰው ሲቸኩል የሚወሰድበት

የተበተነ ልብ ጊዜን ብቻ አያስበላም፤ ሕይወትንም ያስበላል። ደላላ ሲመጣ "መኪናው ዛሬ ማታ ይነሣል፣ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል" ይላል። ለምን ዛሬ ማታ? ሰውዬው ቁጭ ብሎ እንዳያስብ ነው። በሊቢያ መንገድ የሄዱ፣ በረሃ ላይ የቀሩ፣ ታግተው ቤተሰባቸው ገንዘብ የተጠየቀባቸው ልጆች ስንት ናቸው! አብዛኞቹ ሞኞች አልነበሩም። የደከማቸው ነበሩ። መጠበቅ ሲሰለች ማንኛውም እንቅስቃሴ መፍትሔ ይመስላል።

ጌታችን በሉቃስ 14፣28 ላይ ግንብ ሊሠራ ስለሚፈልግ ሰው ሲናገር አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር ነው የተናገረው። ተቀምጦ የሚለውን አስተውሉ። መቁጠር የሚቻለው መቀመጥ ሲቻል ነው። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ይህቺን ደንብ ያዙ፦ "ዛሬ ማታ" ተብሎ ለሚመጣ ትልቅ ጉዳይ ዛሬ ማታ መልስ አይሰጥም። ሦስት ቀን ይደርበት፤ እናት ወይም አባት፣ የንስሐ አባት ወይም የጸሎት መሪ፣ መንገዱን የሚያውቅ አንድ ታማኝ ሰው ይጠየቅ። ሦስት ቀን የማይጠብቅ ነገር ከሆነ ያ ራሱ መልስ ነው።

ዳንኤልን ምን አቆመው?

ዳንኤልም ስደተኛ ነበር፤ በልጅነቱ ተማርኮ ባዕድ አገር ያረጀ ሰው። ሥራ የፈታም አልነበረም። በመንግሥቱ ላይ 120 ሹማምንት፣ በእነሱም ላይ ሦስት አለቆች ነበሩ፤ ከሦስቱ አንዱ እሱ ነው። ጠላቶቹ በሥራው ላይ ነቀፋ ፈልገው እንዳጡበት ተጽፏል። ይህ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ በኢየሩሳሌም አንጻር መስኮቱን ከፍቶ ይንበረከክ ነበር። አዋጅ ሲወጣም አላቆመም፤ ቀድሞ ያደርግ እንደነበረው አደረገ።

እዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አገሩን አልረሳም፤ መስኮቱ ወደ ኢየሩሳሌም ነው። ነገር ግን መስኮቱ ፊት ቀኑን ሙሉ ሲተክዝ አልዋለም፤ ለናፍቆቱ ሰዓት ሰጠው። ሁለተኛ፣ ጸልዮ ሲነሣ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ሥራውም ነቀፋ የለበትም። ሦስተኛ፣ ልማዱ የተሠራው በደኅና ቀን ስለነበር በክፉ ቀን አቆመው። አንበሳ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሞ ጸሎት የሚጀምር ሰው ልቡ አይሰበሰብለትም።

አባቶቻችን የሰጡን ሰዓት

እኛ ኢትዮጵያውያን አንድ የተለየ ሀብት አለን። የምንቆጥረው ሰዓት የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዓት ነው። በሐዋርያት ሥራ 2 መንፈስ ቅዱስ የወረደው በቀኑ ሦስት ሰዓት ነው፤ በእኛም ሦስት ሰዓት ነው። በምዕራፍ 10 ጴጥሮስ በስድስት ሰዓት ሰገነት ላይ ወጥቶ ጸለየ። በምዕራፍ 3 ጴጥሮስና ዮሐንስ በዘጠኝ ሰዓት ለጸሎት ወደ መቅደስ ወጡ። በምዕራፍ 16 ጳውሎስና ሲላስ በእስር ቤት በመንፈቀ ሌሊት ጸለዩ፣ ዘመሩም። ሌሎች ሕዝቦች ይህን ሲያነቡ ደምረው ቀንሰው ነው የሚረዱት፤ እኛ እንደተጻፈ እንረዳዋለን።

በዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የጸሎት ጊዜያትን ሠራች፤ መዝሙር 118 (119)፣164 በቀን ሰባት ጊዜ ስለ ማመስገን ይናገራልና። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት ይባላሉ። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን የነበሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ደግሞ ሰዓታትን በግእዝ ደረሱልን። ሥርዓቱ በየቤተ ክርስቲያኑ ሊለያይ ይችላል፤ በዚህ ካምፕ የተለያየን ምእመናን አለን። አሳቡ ግን ሁላችንንም ይጠቅማል። ቀን እንደ ረጅም ገመድ ነው። ቋጠሮ ከሌለው ከእጅ ያመልጣል፤ በየመካከሉ ቋጠሮ ካለው ይያዛል። የጸሎቱ ሰዓት ቋጠሮው ነው።

ለካምፕ ቀን እንዲህ ልንከፍለው እንችላለን።

በነግህ፣ ስልክ ሳይነካ፦ ተመስገን ብሎ፣ የዛሬን ቀን ብቻ መለመን። ማቴዎስ 6፣34 ለነገ እንዳንጨነቅ ይነግረናል። ከባዱም ሥራ በዚህ ሰዓት ይሠራ። በሚያዝያና በግንቦት የገዳሪፍ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በቀትር ጀሪካን መሸከም ጉልበትን በከንቱ መጨረስ ነው።

በሦስት ሰዓት፦ ወረፋ ላይም ብንሆን ቆም ብሎ ልብን መመለስ። አንድ አጭር ጸሎት ይበቃል። ነህምያ በንጉሥ ፊት ቆሞ፣ ጥያቄው ሲቀርብለትና ሲመልስ መካከል እንደ ጸለየ ተጽፏል (ነህምያ 2፣4)።

በቀትርና በዘጠኝ፦ ጥላ ሥር የሚሠራ ሥራ። ስፌት፣ ጥገና፣ ትምህርት፣ ልጆችን ማስጠናት። እንቅልፍም ካስፈለገ እንቅልፍ፤ ዕረፍት ስንፍና አይደለም።

በሠርክ፦ ከሰው ጋር መሆን። ቡና ካለ ቡና፣ ከሌለ ጨዋታ። የታመመ መጠየቅ፣ ያዘነ ማጽናናት።

በንዋም፦ ቀኑን መቁጠር። መዝሙር 89 (90)፣12 ቀኖቻችንን መቁጠር እንዲያስተምረን እግዚአብሔርን ይለምናል፤ የዚያም ፍሬ ጥበብ ያለው ልብ ነው። ስንት ቀን ካምፕ እንደኖርን ሁላችንም እንቆጥራለን። ይህ ግን ሌላ ቆጠራ ነው፦ ዛሬ በምን ዋለ? ማንን ጠቀምኩ? ነገ ምን ይቀድማል?

ቀጠሮ እንዳያመልጥ

ልብን መሰብሰብ በጣም ተራ በሆነ ነገርም ይጠቅማል። ብዙ ሰው የምዝገባ ወይም የክሊኒክ ቀጠሮ የሚያልፍበት በስንፍና አይደለም፤ ሰዓት ስለሚደባለቅበት ነው።

የሱዳን ሰው "ሳዓ ቲስዓ" ሲል ዘጠኝ ማለቱ ነው፤ ጠዋት ከሆነ ግን በእኛ ሦስት ሰዓት ነው። "ተስዓ" የሚለውን ግእዝ የለመደ ጆሮ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ይመስለዋል፤ ሲደርስ ቢሮው ተዘግቷል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ስድስት ቀንሱ ወይም ስድስት ጨምሩ። የእነሱ 8 የእኛ 2፣ የእነሱ 10 የእኛ 4፣ የእነሱ ከቀትር በኋላ 1 የእኛ 7 ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ከጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳን ሰዓቷን ወደ ኋላ ስለመለሰች ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ትዘገያለች። ስልካችሁ በኢትዮጵያ ሰዓት ተሞልቶ ከሆነ፣ ወይም ድንበሩ አጠገብ የኢትዮጵያን ኔትወርክ ከያዘ፣ ከቢሮው ሰዓት በአንድ ሰዓት ይለያል። አገር ቤት ስትደውሉም እንዲሁ።

ቀን ሲነገራችሁም "በየትኛው አቆጣጠር?" በሉ። እዚህ ሦስት አቆጣጠር አለ፤ የእኛ፣ የፈረንጅ፣ የሂጅራ። ቀጠሮ ስትቀበሉ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሳምንቱን ዕለት ሦስቱንም ተናግራችሁ አረጋግጡ፤ ዕለቱ ብቻውን ከብዙ ስሕተት ያድናል። አርብና ቅዳሜ የመንግሥት ቢሮ ዝግ ነው፤ እሑድ ግን ሥራ ነው። የእሑድ ቀጠሮ ያለው ሰው አስቀድሞ ለአባቶች ይንገር፤ ካርዱንም ቅዳሜ ማታ ያዘጋጅ።

ልብን እንዴት እንመልስ?

ልብ ወጥቶ ሲገኝ በራስ ላይ መቆጣት አይጠቅምም። ልብ ይወጣል፤ ሥራችን መመለስ ነው። እንዲህ አድርጉ።

1. ቁሙ። እጃችሁ ላይ ያለውን ለአፍታ አቁሙ።

2. ልባችሁ የት እንደሄደ በስሙ ጥሩት። "አሁን ቤቴ ሄጃለሁ"፣ "አሁን ፕሮሰሱ ላይ ነኝ" በሉ። ስም የተሰጠው አሳብ ጉልበቱ ይቀንሳል።

3. እግራችሁ መሬት ሲነካ ይሰማችሁ። የምታዩትን ሦስት ነገር፣ የምትሰሙትን ሦስት ድምፅ ቁጠሩ።

4. በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፤ ሲወጣ ከገባው አስረዝሙት። ትንፋሽ ረዘም ብሎ ሲወጣ የልብ ምት ይረጋጋል። ከትንፋሹ ጋር "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ማለት ይቻላል። አባቶች ይህን 41 ጊዜ በመቁጠሪያ የሚሉት አንዱ ጥቅሙ ልብን አንድ ቦታ ማሰር ነው።

5. "አሁን በፊቴ ያለው ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ እሱን ሥሩ።

ይህ ለስደተኛ ይሠራል ወይ ለሚል፣ ተሞክሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ልብን ወዳሉበት የመመለስን ልምምድ የያዘ የአምስት ክፍለ ጊዜ ትምህርት አዘጋጅቶ ነበር። በሰሜን ኡጋንዳ ባሉ ወደ 700 የሚጠጉ ደቡብ ሱዳናውያን ስደተኛ ሴቶች መካከል ሲፈተን የተማሩት ከሦስት ወር በኋላ ጭንቀታቸው ካልተማሩት ቀንሶ ተገኘ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 በሥዕል የተደገፈ መጽሐፍም አሳትሞበታል። እነዚያ ሴቶችም እንደ እኛ ወረፋ የሚጠብቁ፣ ሰው የሞተባቸው ናቸው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ክፉ ነገር ያዩ አንዳንድ ሰዎች ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ያዩት ይመጣባቸዋል። እንዲህ የሚሆን ሰው ዓይኑን አይጨፍን፤ አንድ ነገር እያየ፣ ከሚያምነው ሰው አጠገብ ሆኖ ይለማመድ። እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከከለከለው፣ መኖር ካስጠላው ደግሞ ወደ ጤና ባለሙያ ይሂድ፤ እኛም እንሸኘው። ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም። ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ (1ኛ ነገሥት 19) እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ መጀመሪያ አስተኛው፣ መልአክ ልኮ አበላው፣ አጠጣው፣ ደግሞም አስተኛው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የራበውን ሰውም "ልብህን ሰብስብ" ብለን አንሸኘው፤ ካለን እናካፍለው።

ሦስት ጠጠር

ከመካከላችን ከሁመራም ከመተማም የመጣ ገበሬ ሰሊጥን ያውቃል፤ የገዳሪፍ ሜዳም የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው። ሰሊጥ ቀኑን ካልጠበቁለት ፍሬው አልሞላም፤ ካዘገዩት ራሱ ይፈነዳና መሬት ላይ ይፈሳል። ጥሩ ገበሬ ሌሊት ሌሊት ስለ ሰሊጡ ተጨንቆ አያበስለውም፤ በየቀኑ ሄዶ ያየዋል እንጂ። መቼ መጠበቅ፣ መቼ ማጨድ እንዳለበት የሚያውቀው በማየት ነው። ጊዜን ማወቅ እንዲህ ነው።

ስለዚህ በንዋም ሰዓት ለነገ ሦስት ነገር ብቻ ምረጡ። አንደኛው ሌላ ሰው የቆረጠው ጉዳይ፤ ቀጠሮ፣ ራሽን፣ ውኃ። ሁለተኛው ለቤት የሚሆን፤ ጣሪያ፣ ልብስ፣ የልጅ ነገር። ሦስተኛው የሚያድግ ነገር፤ አምስት የአረብኛ ቃል፣ ፊደል፣ ሙያ፣ የጎመን መደብ። ማንበብ የማይችል ሰው ሦስት ጠጠር ኪሱ ያድርግ፤ አንዱን ሲጨርስ አንዱን ይጣል። ወረፋው ረዝሞ ሁለቱ ቢቀሩ አይዘን፤ ያልተጣለው ጠጠር ለነገ ነው። ሦስተኛዋን ጠጠር ግን በሳምንት አንዴም ቢሆን ሳትጥሉ አትለፉ። የኤርምያስ አትክልት እሷ ናት።

ስልኩንም ሰዓት ስጡት፤ ለምሳሌ በቀትርና ከሠርክ በፊት። አስቸኳይ ነገር ካለ ሰው ይደውላል። የሰማችሁትን ወሬ ለሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት ከኮር ወይም ከዩኤን ቢሮ፣ ወይም ከብሎክ ተወካያችሁ አጣሩ። ሐናንያ ዛሬም አለ፤ አሁን የሚናገረው በስልክ ነው።

ለመወያያ

1. ከሦስቱ በሮች እኔን ብዙ ጊዜ የሚወስደኝ የትኛው ነው? በየትኛው ሰዓት?

2. ኤርምያስ ለሐናንያ መጀመሪያ "አሜን" ያለው ለምን ይመስላችኋል?

3. "ነገ እንሄዳለን" በሚል ያቆየሁት፣ ዛሬ ልጀምረው የምችል አንድ ነገር ምንድን ነው?

4. በብሎካችን መጠበቅ የከበደው ወጣት ማን ነው? በዚህ ሳምንት ማን ይጠይቀው?

ጸሎት

ዘመናትን የምትመግብ ጌታ ሆይ፣ አንተም በሕፃንነትህ ተሰድደሃልና የስደትን ቀን ርዝመት ታውቃለህ። የተበተነ ልባችንን ሰብስብ። ያለፈውን ላንተ እንድንተው፣ የሚመጣውን ካንተ እንድንጠብቅ፣ የዛሬዋን ቀን ግን እንድንሠራባት እርዳን። በመንገድ ያሉትን ልጆቻችንን ጠብቅ። ለተቀበለችን ለሱዳን፣ ለአገራችንም ለኢትዮጵያ ሰላምን ስጥ። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።